የሙከራ ትምህርት

ፕሮፌሰር ተገኘወርቅ የማስተርስ ተማሪዎችን ለኮሌጅ መምህርነት የሚያዘጋጁ የኮምፒውተር ሊቅ ናቸው፤ ሊቅነታቸውን የሚነግሩንም ራሳቸው ናቸው። ተማሪ ከበድ ያለ ነገር ሲጠይቃቸው መነጽራቸውን ያወልቁና «ጥሩ ጥያቄ ነው! ለሚቀጥለው ሳምንት አሳይመንት ይሁንህ» ይላሉ። ያ የሚቀጥለው ሳምንት ግን መጥቶ አያውቅም።

ከተማሪዎቹ አንዷ ምላሷ አያርፍም። እሳቸውም እሷን የሚበቀሉበትን ቀን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ቀኑም ደረሰ። እሳቸው ፊት የሙከራ ትምህርት ሰጥታ ካላለፈች የመምህርነት ቅጥሯ መቅረቱ ነው። ገና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ስትጀምር ፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበር ብድግ ብለው፣ ከርዕሷ ጋር የማይገናኝ፣ እሳቸው ራሳቸው መልሱን ማወቃቸው የሚያጠራጥር ጥያቄ ወረወሩባት።

«መልሺ እንጂ! ጥያቄ መመለስ ያቃተው መምህር በእኔ እጅ አያልፍም!»

እሷም ማርከሯን አስቀመጠችና መነጽሯን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ፕሮፌሰር! ለሚቀጥለው ሳምንት አሳይመንት ይሁንዎት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ቀላ።

«ይኼ ደግሞ መልስ ነው?»

«ካልሆነማ፣» አለች መነጽሯን መልሳ እያደረገች፣ «ሁለታችንም ወድቀናል።»