ቀበሮ ያስጣለቻት ገንፎ

ልጇን በገዛ እህሏ የምታሳድግ እናት ሰው ፊት ለምን ታፍራለች? እኔ እንጃ፤ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ተረቱ ግን እንዲህ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ አንድ ውርንጭላ ነበራት። ገብስና ሽምብራ ቆልታ ትፈጫለች፤ ገንፎ ታገነፋለታለች፤ ጎመን ከትፋ ጣል ታደርግበታለች። ውርንጭላው ሲሮጥ አቧራው ብቻ ነው የሚታየው። አያ ጅቦ ስንት ጊዜ አባረረው፣ አልደረሰበትም።

ጅብ ቀበሮ ዘንድ ሄዶ አለቀሰ።

«እመት ቀበሮ፣ ምራቄን ስውጥ ከረምኩ፤ መላ በይኝ!»

«አንተ ዝም ብለህ ጠብቅ። መሮጥ እንዲያቅተው አደርግልሃለሁ» አለችው።

በማግስቱ እንስሳቱ ሁሉ ወንዝ ወርደው ሳሉ፣ አህያ ለልጇ ገንፎውን ስታጎርስ ቀበሮ አየቻትና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ውይ እመት አህያ! ዛሬም ሽምብራ? ልጅ እኮ ነው! የሰለጠነች እናት ልጇን ብስኩት ነው የምታበላው።»

ፍየሎቹ ሳቁ። አህያ አፈረች። ዱቄቷን ከነስልቻው ለቀበሮ ሰጥታ አንድ ካርቶን ብስኩት ተቀበለች። ቀበሮስ? በዚያው ዱቄት ለራሷ ቡችሎች አገነፋች! አያችሁልኝ ክፋቷን!

ወር ሳይሞላ የውርንጭላው ጎድን ተቆጠረ። ዳገት መውጣት አቃተው፤ መሃል መንገድ ላይ ይተኛል። እናቱ ግን «ብስኩትህን ጨርስ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች።

ጅብ ከች አለ። አህያ ልጇን ከኋላዋ ደበቀች። ጅብ አንገቱን አስግጎ አየውና በንዴት ጮኸ።

«ምንድነው ይሄ? አጥንት ብቻ! ቀበሮ ‹ብስኩት አስበላዋለሁ፤ መሮጥ ያቅተዋል› አለችኝ እንጂ ሥጋው ያልቃል መች አለችኝ? በይ ያንን የሽምብራ ገንፎ መልሺለት። ሲወፍር እመጣለሁ!»

አህያ ደሟ ፈላ። ጥርሷን ነክሳ፣ «እሺ አያ ጅቦ፣ ሲወፍር ና» አለችው።

ከዚያ በቀጥታ ቀበሮ ቤት።

«አንቺ! በአደባባይ አዋርደሽኝ ልጄን ለጅብ ልታበይ? ያንቺዎቹ በኔ ሽምብራ ጉንጫቸው ተነፍቷል!»

«እኔ እኮ ለደግ ብዬ...»

«ዝጊ!»

በሩን በእርግጫ ገነጠለችው፤ የተረፈውን ዱቄት ከነስልቻው ተሸክማ ወጣች። እዚያው ወንዝ ዳር፣ ፍየሎቹ እያዩ፣ ልጇን ገንፎ አበላችው። ያልቃል ብላ አልሰሰተችም፤ ሲያልቅ እንደገና ቆልታ ፈጨች።

ክረምቱ ሲወጣ ጅብ እየተንጎማለለ መጣ።

«ወፈረ እንዴ?»

«ወፍሯል፤ ቀረብ ብለህ እየው!»

ጅብ ቀረበ። ውርንጭላው አልሮጠም። ዞሮ በሁለት እግሩ መንጋጋውን አለው! ጅብ ጥርሱን እየለቀመ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው በጓዳችን ያለውን እህል የሚያንቋሽሽብን ሁሉ ለልጃችን አዝኖ እንዳልሆነ ነው።

እናንተ እናቶች ግን አንድ ነገር ምከሩኝ፤ የኔዋ ጣፋጭ ከለመደች ወዲህ ገንፎ ሳቀርብላት አፏን ግጥም ታደርጋለች፤ የናንተዎቹን እንዴት አድርጋችሁ መለሳችኋቸው?