እውነተኛዋ ይርገዱ

ልብስ ሰፊዋን ወይዘሮ ይርገዱን ሰፈርተኛው ከመቀሷ ይልቅ በምላሷ ይፈራታል። አንድ ቀን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስጠሯት፤ ሃያ ዓመት የሰፋችበትን የቀበሌ ሱቅ ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ ብላ እንድትፈርም ነው።

«ወረቀት ድሮ ቀረ!» አሉ ኃላፊው፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «በጣትዎ ታብሌቱ ላይ ይፈርማሉ፤ ፊርማዎ በኢንተርኔት ወደ ዋናው ማዕከል ሄዶ አምና ካስቀመጥነው ጋር ይመሳከራል። ሰው ይሳሳታል፤ ይሄ ሲስተም ግን ተሳስቶ አያውቅም!»

አምና ያስፈረሟት ሰዎች መብራት ሊጠፋ ነው ብለው ስላጣደፏት አንዲት ጭረት ብቻ ጭራ ነበር የሄደችው። ዛሬ ግን የሚያጣድፋት የለምና ስሟን እስከ አያቷ አሳምራ ጻፈች። ታብሌቱ ቀይ አበራና «ፊርማው አይመሳሰልም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደገመች፤ አሁንም እንቢ አለ።

ኃላፊው ላብ አጠመቃቸው። ሲስተሙ ተሳሳተ እንዳይሉ፣ የተናገሩትን ሕዝብ ሰምቷል። ስለዚህ ቁጣቸውን እሷ ላይ አወረዱት።

«አንቺ አጭበርባሪ! ለካ ይርገዱ አይደለሽም! ሂጂና እውነተኛዋን ይርገዱን ይዘሽልኝ ነይ!»

«እሷ ካልፈረመች ሱቁ አይለቀቅም ማለት ነው?»

«በጭራሽ!»

ወይዘሮ ይርገዱ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«እሺ ጌታዬ፣ እፈልጋታለሁ። ሴትዮዋ ከሱቋ አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም። እስክትመጣ እዚያው ልብስ እየሰፋሁ እጠብቃታለሁ።»