ቋጠሮው ሳይፈታ የወለተ ሐና ክንድ እንደ ወጣ

ወጌሻ ደምለው ወለተ ሐናን በደላት፤ የበደላትም ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሲነግሩት የማይሰማ ሆኖ ነው። ምእመናን ሆይ፣ ጆሯችሁን አውሱኝና ወላዲተ አምላክ ለዚህች ሴት ያደረገችውን ስሙ።

ወለተ ሐና ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ከገደል አፋፍ ካለችው የማርያም ደብር አጠገብ የምትኖር ፈታይ ነበረች፤ በየዕለቱም ጎህ ሲቀድ እህል ሳትቀምስ እንዝርቷን እያሾረች፣ "ሰላም ለኪ" እያለች ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ የሚሆን ፈትል ትፈትል ነበር፤ ይህም ስእለቷ ነበረና ታማ እንኳ አስታጉላው አታውቅም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አንሸራተታትና ወደቀች፤ የቀኝ ክንዷም ተሰበረ።

ጎረቤቷ ይርገዱ ወጌሻውን ጠራችላት፤ እርሱም መጥቶ አጥንቱን ዳበሰና አገጣጠመው፤ በዚህስ አይታማም፣ እጁ አጥንት ያውቃል። ከዚያም የቀርቀሃ ስንጥር ዙሪያውን ደርድሮ በጠፍር አጥብቆ ጠፈረና፣ ከአባቱ የወረሰውን፣ ሌላ ሰው የማያውቀውን ቋጠሮ ቋጠረበት፤ እንደ አባቱም ልማድ አስማላት። "ሌላ እጅ ከነካው መድኃኒቱ ይረክሳል፤ እኔ እስክፈታው ላትፈቺ፣ ለሌላም ላታሳዪ በእመቤታችን ማዪ" አላት፤ እርሷም ማለች። ሌላዋ ሴት ብትሆን ውላ ሳታድር ቢላዋ ታነሣ ነበር፤ ይህችን ግን የያዛት ጠፍሩ ሳይሆን የምትወዳት እመቤት ስም ነው።

በማግስቱ ጣቶቿ አበጡ፤ ከዚያም ደነዘዙና ጥፍሮቿ ጠቆሩ፤ ይርገዱም ሮጣ ሄዳ ደምለውን አመጣችው። ወለተ ሐናም "አያ ደምለው፣ እባክህ ትንሽ አላላልኝ፤ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ" አለችው። እርሱ ግን ከደጃፍ ቆሞ፣ ጥፍሮቿን ሳያይ ሣቀና "አጥንት ሲገጥም እንዲህ ነው፤ ምጥ የቻልሽ ሴት ይህ አቃተሽ?" ብሏት ሄደ። ይርገዱ ተናደደችና "ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ልቁረጠው" ብትላት "ተይኝ እቴ፣ በስሟ ምያለሁ" አለቻት። እንግዲህ ብትፈታ መሐላዋ ሊፈርስ፣ ባትፈታ እጇ ሊሞት ነው፤ እጇ ከሞተም ስእለቷ አብሮ ሊቀር ነው።

በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ዕለት ይርገዱ ደግፋ ወደ ቅዳሴ አደረሰቻት፤ ወለተ ሐናም በሴቶች በር በኩል፣ ራሷ በፈተለችው መጋረጃ ሥር ተቀመጠች። "እመቤቴ ሆይ፣ እጄን ካልፈለግሽው ውሰጂው፤ ከፈለግሽው ግን እኔ ልፈታው አልችልምና አንቺ እወቂበት" ብላ አለቀሰችና ከድካሟ የተነሣ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟም የጥጥ ቅርጫት የያዘች፣ ፊቷ ከፀሐይ ይልቅ የሚያበራ ሴት መጥታ ከአጠገቧ ተቀመጠችና "ልጄ፣ ለምን እጅሽን ትደብቂኛለሽ?" አለቻት። "ለማንም ላላሳይ በስምሽ ምዬ ነው፣ እመቤቴ።" እርሷም "ስሜ የታመመ ሰው መሸሻ ነው እንጂ የታመመ ሰው አፍ መዝጊያ አይደለም" አለችና፣ ቀርቀሃውን ከነጠፍሩ አምባር እንደሚያወልቁ ቀስ አድርጋ ከክንዷ ሳበችው።

ወለተ ሐና ስትነቃ ቀርቀሃውና ጠፍሩ ጭኗ ላይ ነበሩ፤ ቋጠሮው እንደ ታሰረ ነው፣ አልተፈታም፣ አልተቆረጠም፤ ያ ሁሉ እብጠት በየት በኩል እንዳለፈ የሚያስረዳ ሰውም አልተገኘም። ደሟ ወደ ጣቶቿ ሲመለስ እንደ እሳት አቃጠላትና ስለ ማቃጠሉ አምላኳን አመሰገነች፤ ጥፍሮቿም ቀሉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ካህናቱም ለእግዚአብሔርና ለእናቱ ምስጋና አቀረቡ። የአጥንቱ ስብራት ግን ገና እንዳለ ነበር።

ደምለውም ወሬውን ሰምቶ "ማነው የነካብኝ?" እያለ ወደ ደጀ ሰላሙ መጣ፤ ቋጠሮውን አንሥቶ አገላብጦ ቢያየው የገዛ እጁ ሥራ ነው። ከዚያም ክንዷን አየ፤ ጠፍሩ ያተመውን ጥቁር ሰንበር አየ፤ ቋጠሮውን እንደ ያዘ መሬት ተቀመጠ። "አባቴም እንዲህ ነበር የሚያስረው" አለ በለሆሳስ፤ "እጁ የሞተበት ሰው ሲመጣ፣ መሐላውን አፍርሶ ነው እንል ነበር።" ይርገዱ "ከዚህ ደብር ይባረርልን" አለች፤ ሕዝቡም አጉረመረመ፤ ከዚያም ወለተ ሐና የምትለውን ለመስማት ሁሉም ወደ እርሷ ዞረ።

የወለተ ሐናን ክንድ ያወጣች እመቤት እናንተንም፣ ይህን የሰማችሁትን ሁሉ፣ ከማያይ ዓይንና ከማይሰማ ጆሮ ትሰውራችሁ፤ ሰው በእጃችሁ ሲወድቅ ጩኸቱን የምትሰሙ፣ የማታውቁትን አላውቅም የምትሉ ታድርጋችሁ፤ አሜን። ወለተ ሐናም የተሰበረ ክንዷን ወደ ደምለው ዘርግታ እንዲህ አለችው፦

"አያ ደምለው፣ ምጥስ ችያለሁ፤ ምጥ ግን ልጅ ይሰጣል፣ ያንተ ጠፍር ምን ሊሰጠኝ ነበር? በል ተነሣና እጅህን ታጠብ፤ አጥንቱ ገና ነውና እንደገና እሰረኝ። አላልተህ እሰር፤ ጠዋት ማታ እየመጣህ ጥፍሬን እይ፤ አመመኝ ስልህ ፍታ፤ ካቃተህም አቃተኝ ብለህ ወደሚያውቅ ስደደኝ። መሐላውን ግን ዛሬ አንተ ማል።"