የትርንጎ ታንኳና የጌጤነህ ጨው

እኛ ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች ቶሎ ቶሎ የምንናገራት አንዲት አባባል አለች። የሌላ አገር ሰው ስለ መነሻዋ ሌላ ይል ይሆናል፤ በእኛ ዳርቻ ግን የመጣችው ከእማማ ትርንጎና ከባላቸው ከአባባ ጌጤነህ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ባልየው «ያን ቀን ማዕበል ነበረ» ይላሉ፤ ሚስትየው «ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም» ይላሉ። በቀረው ቃላቸው አንድ ነው።

ያኔ ዳርቻው ላይ የሞተር ድምፅ አይሰማም ነበር። የትርንጎ አባት አያ ደምለው ሰውና ዕቃ በደንገል ታንኳ እያሻገሩ ይኖሩ ነበር፤ ትከሻቸውን ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ግን መቅዘፊያውን የተረከበችው ልጃቸው ናት። ደንገል የሐይቅ ዳር ተክል ነውና ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ሲሠራ የዋለ ታንኳ በማግስቱ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። አያ ደምለው በታንኳው ጎን፣ ከአፉ ዝቅ አድርገው ቀይ ጨርቅ አስረው ነበር። «ውሃው ጨርቁን ከነካ ምንም አትጠብቂ፤ ወደ ቅርቡ ዳር» ይሏታል። ትርንጎ ይህን ትእዛዝ አንድም ቀን ጥሳ አታውቅም።

ጌጤነህ የደጋ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ በድርሻው የደረሰውን በሬ ሸጦ ሁለት ጆንያ ጨው ገዛ። ማዶ ባለው ገበያ ጨው ተወዶ ስለነበር፣ ሐሳቡ እዚያ አትርፎ የራሱን ጥማድ ገዝቶ ጎጆ መውጣት ነበር። ካልቀናው የሚጠብቀው የታላቅ ወንድሙ አራሽ ሆኖ መኖር ነው። አንድ ቀን በማለዳ ጆንያዎቹን በአህያ ጭኖ ዳር ደረሰ።

«የታንኳው ቀዛፊ የታሉ?» ሲል ትርንጎን ጠየቃት።

«ፊትህ ቆማለች።»

«አንቺ? እዚህ አገር ወንድ አለቀ እንዴ?»

«ወንዱስ ሞልቷል፤ ዋና የሚችል ነው የጠፋው። አንተ ትችላለህ?»

ጌጤነህ ከጉልበቱ ያለፈ ውሃ ገብቶ አያውቅም።

«ታንኳው ትናንት ሲሠራ ውሎ ጠጥቷል» አለችው። «ዛሬ ይድረቅና ነገ በጠዋት አሻግርሃለሁ።»

«እህቴ፣ ገበያው ዛሬ ነው። ነገ ጨዉን ለማን ልሸጠው? ለጉማሬ?»

ትርንጎ ሳቀች። «ያን ጊዜ ባልስቅ ኖሮ እምቢ እንዳልኩ እቀር ነበር» ይላሉ ዛሬ እማማ ትርንጎ።

ከታንኳው ወለል ላይ ደረቅ ደንገል አነጠፈች፤ ጨዉን እዚያ ላይ አስቀመጡት። ጌጤነህ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ አንዱን ጆንያ እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀመጠ።

«አንተ ነህ ጨዉን ያቀፍከው ወይስ ጨዉ ነው አንተን ያቀፈህ?» አለችው።

ከዳር ራቅ ሲሉ ፍርሃቱን ለመርሳት ወሬ ጀመረ። ታላቅ ወንድሙ አንድ ዓርብ ቀን የንስሐ አባቱን በበቅሎው አስቀምጦ፣ እሱ በእግሩ እየተከተለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሸኛቸው፣ በቅሎዋ የለመደችውን መንገድ ይዛ ሄዳ ሄዳ ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። ብትመታ፣ ብትጎተት አልነቃነቅ አለች። የንስሐ አባቱ ዘወር ብለው «ልጄ፣ አንተ የደበቅኸውን በቅሎህ ተናዘዘችልህ» አሉት።

ትርንጎ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አሳርፋ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። «በል ድገምልኝ፤ ሰውየው ፊቱ እንዴት ሆነ?» አለች። ጌጤነህ የወንድሙን ፊት እያስመሰለ ደገመላት።

«ትርንጎ፣ መቀመጫዬ ራሰ» አለ በመጨረሻ።

ዘወር ብላ የታንኳውን ጎን አየች። ቀዩ ጨርቅ የለም። ጎንበስ ስትል ከውሃው በታች ሲወዛወዝ አየችው። አንድም ነገር ታንኳውን አልመታውም፤ እነሱ ሲስቁ ውሃው ቀስ እያለ ወጥቷል እንጂ።

የታንኳውን አፍንጫ አዙራ ባላት ጉልበት ወደ ዳር ቀዘፈች፤ ጌጤነህ በቅል ውሃውን ይጨልፋል። ታንኳው ግን እየከበደ ሄዶ ውሃው ደረታቸው ድረስ ሲመጣ «ጨዉን ልቀቅና ታንኳውን ያዝ!» ብላ ጮኸች። አልለቀቀም። «ለጨው ስትል ልትሞት ነው?» ስትለው ለቀቀ። ታንኳው ላይ ተንጠልጥለው እግራቸው አሸዋ እስኪነካ እየገፉት ሄዱ። ጆንያዎቹን ከታንኳው ጎትተው ሲያወጧቸው ጥጋቸው ላይ የቀረችው ጨው እፍኝ የማትሞላ ነበረች።

አያ ደምለው ከዳር ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

«ማነው ያጠፋው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አያ። ይድረቅ ብላኝ ነበር፤ አጣድፌያት ነው።»

«ውሸቱን ነው አባዬ። ጨርቁን ማየት የእኔ ሥራ ነበር።»

«የበቅሎዋን ወሬ ባላነሣ ታዪው ነበር!»

«ድገም ያለህ ማን ሆነና?»

ተያዩና ሳያስቡት ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ጌጤነህ ባዶ ጆንያውን አየ፤ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። አያ ደምለው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ታንኳው የእኔ ነው። በእኔ ታንኳ ንብረቱ የጠፋን ሰው ባዶ እጁን አልሸኝም። ከእኛ ጋር ደንገል ቁረጥ፤ አንድ አዲስ ታንኳ ለአንተ ይሠራልሃል። እሱን ሸጠህ ወደ አገርህ ትገባለህ።»

የታንኳን ገመድ አንድ ሰው ብቻውን አያጠብቀውም። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሆነው እግራቸውን ደንገሉ ላይ ተክለው ይስቡታል። ጌጤነህና ትርንጎ እንዲህ ፊት ለፊት ሲሳሳቡ ሰነበቱ። እሷ ዋና አስተማረችው፤ እሱ የማያልቅ ወሬውን አወራላት። ታንኳው ተሠርቶ ዳር ላይ ከቆመ በኋላ አያ ደምለው «ደረቀ ወይ?» ሲሉት፣ ያ ችኩል ሰው «ትንሽ ይቀረዋል አያ» ይል ጀመር። በማግስቱም ትንሽ ይቀረዋል። እሳቸውም ገብቷቸው መጠየቁን ተዉት።

የእርሻ ወራት ሲደርስ ታላቅ ወንድሙ በዚያችው በቅሎ መጣ። ተቆጥቶ ነበር፤ አራሽ ጠፍቶበታል።

«አባቴ፣ ወንድሜ በጤናው ጨው ሊሸጥ ብሎ የወጣ ልጅ ነው። ማን አስገድዶ ነው እዚህ ያስቀረብኝ?» አላቸው።

አያ ደምለው ወደ ዳር ተመለከቱ። ሁለቱ የገመዱን ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ መሳቡን ትተው፣ በምን እንደሆነ እንጃ ይስቃሉ።

«ማንም አላስገደደው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»