ውሃ የጠጣው ኦፓል

በወሎ፣ ደላንታ የሚወጣውን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ የሚነግድ አንድ ሰው ነበር፤ አራጋው ይባላል። ሦስት ዓመት ገደል ለገደል ቆፍሮ ያገኛትን አንዲት ድንጋይ በደረት ኪሱ ይዞ ባንኮክ ገባ። ገዢው የቀጠረው ለዚያው ቀን ነው። ታዲያ ጊዜው ሚያዝያ፣ ታይላንዶች ሶንግክራን የሚሉትን አዲስ ዓመታቸውን የሚቀበሉበት ኖሯል። በዚያ ሰሞን ሰዉ ሁሉ መንገድ ወጥቶ ውሃ ይራጫል፤ ያለፈው ዓመት ክፉ ነገር ታጥቦ ይሂድ ማለታቸው ነው።

አራጋው ይህን አላወቀም። ከታክሲ እንደወረደ አንዲት ሽበታም እናት ፈገግ ብለው ሙሉ ጣሳ ውሃ ደረቱ ላይ ደፉበት። ደንግጦ ኪሱን ዳበሰ። ልብ በሉ፣ የደላንታ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል፤ ያ እንደ እሳት የሚንቦገቦግ ቀለሙ ድራሹ ይጠፋል። አውጥቶ ቢያያት የእሱም ድንጋይ ቀለም ጠፍቷል።

«አንቺ አሮጊት! የሦስት ዓመት ልፋቴን ደፋሽው!» ብሎ ጣሳውን ከእጃቸው መንጭቆ ወረወረው።

ሴትዮዋ ቋንቋውን ባያውቁም ቁጣው ገባቸው። ጎንበስ ብለው ጣሳቸውን አንስተው ሄዱ።

ሊቀበለው የመጣው ይብሬ፣ እዚያ ብዙ ዘመን የኖረ የአገሩ ልጅ፣ ራሱን ያዘ።

«ምነው አራጋው፣ ጥምቀት ላይ ሲረጩህም እንዲህ ነው የምትሆነው?»

«ያማ ጠበል ነዋ!»

«ይሄስ ለእነሱ ምናቸው መሰለህ?»

ገዢው ቤት ሲደርሱ ቤተሰቡ ተሰልፏል። መዳፋቸውን ዘርግተው የተቀመጡት የገዢው እናት እኒያው ሴትዮ ናቸው! አራጋውን ላብ አጠመቀው። ልጅ የልጅ ልጁ እየተንበረከከ አበባ የተነከረበት ውሃ እጃቸው ላይ ያፈሳል። «ምሳ ሊቀርብ ነው፣ እያስታጠቧቸው ነው» አለ በልቡ። ታላቅን ማስታጠብ ያውቅበታል። ተራው ሲደርስ ሳሙና ፈለገ፣ አጣ፤ ዝም ብሎ አፈሰሰ። ሴትዮዋ ርጥብ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው መረቁት።

«ጎበዝ! ይቅርታ ጠየቅህ» አለው ይብሬ በጆሮው።

«የምን ይቅርታ? ለምሳ ነው ያስታጠብኳቸው!»

«እዚህ አገር በዚህ ቀን ታላቅ እጅ ላይ ውሃ ማፍሰስ ‹የበደልኩዎትን ይማሩኝ› ማለት ነው። ምረውሃል። አሁን አፍህን ያዝ፣ ገበያህ እንዳይበላሽ።»

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ግን ያልጠየቀውን ምሕረት ይዞ መሄድ አልሆነለትም።

«ንገራቸው» አለ። «ለምሳ መስሎኝ ነው በላቸው። አሁን አውቄ ላፍስስ።»

ተንበርክኮ እንደገና አፈሰሰ። ይብሬ ሲያስተረጉም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴትዮዋ ግን አራጋው ከኪሱ አውጥቶ ያስቀመጣትን ድንጋይ አንስተው አዩዋት፤ በይብሬ አስተርጓሚነትም ጠየቁት።

«ቀለሟ ሞተ?»

«የለም እማማ፣ በሦስት ቀን ስትደርቅ ይመለሳል።»

«አየህ ልጄ፣ ድንጋይህን ሦስት ቀን ትጠብቃታለህ። እኔን ግን ‹ምን ማለትዎ ነው?› ብለህ እስክትጠይቀኝ እንኳ አልጠበቅኸኝም።»

ልጃቸው በእናቱ ቃል ሦስት ቀን ታገሠው። በሦስተኛው ቀን ድንጋይዋ እንደ ፍም ነደደች።

ወዳጆቼ፣ ሰው አገር ስንሄድ የምናየውን ሁሉ በራሳችን ልማድ እንፈታዋለን፤ ምርቃቱ ጥቃት፣ ይቅርታው የምሳ ሰዓት ይመስለናል። አለማወቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ መቆጣት፣ ካወቁ በኋላም ዝም ማለት ነው።

እስቲ እናንተም አስቡ፦ ርጥብ ሳለ አይታችሁት «ቀለም የለውም» ብላችሁ የወረወራችሁት ሰው ማን ነው?