በቃዎ የምትላቸው

አላህ ይዘንላቸውና፣ ከተራራ ሥር ባለች አንዲት የጥንት ከተማ ሸኽ ሙህዲን የሚባሉ አሊም ይኖሩ ነበር። በውዱእ ነገር፣ ከሶላት በፊት በሚታጠቡት፣ ልቡ የተጠራጠረ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። «ውሃው ነክቶታል? እንግዲያው ተወው፤ ዲናችን ገር ነው» ብለው ይሸኙታል።

ለራሳቸው ግን ገር አልነበሩም። ባለቤታቸው ዘምዘም በሕይወት ሳለች፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ የምታስታጥባቸው እሷ ነበረች። እንደ ደንቡ ሦስቴ ታጥበው ለአራተኛ እጃቸውን ሲዘረጉ ማንቆርቆሪያውን ወደ ላይ ታነሳባቸዋለች። «በቃዎ፣ ሸኽዬ! ቆዳዎን ሊልጡት ነው እንዴ?» ይስቁና ይነሳሉ።

ዘምዘም ወደ አኺራ ሄደች። በቃዎ የሚላቸው ጠፋ። ክርኔ ደርቆ ቀረ፣ ኒያዬ፣ የልቤ ሐሳብ፣ ተዛነፈ እያሉ ደግመው ደጋግመው ሲታጠቡ የጀመዓው ሶላት ያመልጣቸዋል። ሰው ሰግዶ ሲወጣ እሳቸው መስጊድ ገብተው ከምሰሶ ጀርባ ብቻቸውን ይሰግዳሉ። በኋላማ አፈሩና መሄዱንም ተዉት። ከተማው ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ «ኸልዋ ገብተዋል፤ ለብቻቸው ከጌታቸው ጋር ናቸው፤ ደረጃቸው ከፍ ብሏል» ይል ጀመር! እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው አዛኑን እየሰሙ ያለቅሳሉ። ከሰው ጋር ሳይሰግዱ እንዳይሞቱ ፈሩ።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በፊት ጦይባ የምትባል ስንደዶ እያቀለመች የምታድር ጎረቤት መጣች። ጣቶቿ በቀለሙ እንደቀሉ ነው።

«አባባ፣ ሶላት ካቆምኩ ሰነበትኩ። ብፈትገው ብፈትገው አይለቅም። በዚህ እጅ አላህ ይቀበለኛል?»

«ልጄ፣ ቀለሙ ውሃውን አያግደውም። ጌታሽ እኮ ይወድሻል! ልጆችሽን በምታሳድጊበት እጅ ይጸየፍሻል? ካጠብሽው በቃሽ።»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ደነገጡ። የዘምዘም ቃል ነበር። እንባቸው መጣ።

«ምነው አባባ፣ አስቀየምኩዎት?»

«የለም ልጄ። የጠፋብኝን ነው ያመጣሽልኝ።»

ጦይባ እንደሄደች አዛን አለ። ሸኹ ማንቆርቆሪያውን አነሱ። ሦስቴ ታጠቡ፤ እጃቸው ለአራተኛ ሄደ። ክርንህስ? አላቸው ያ የለመደ ወስዋስ፣ የሸይጣን ጉትጎታ። «በቃህ፣ ሙህዲን» አሉ ጮክ ብለው፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠውም ወጡ። መንገዱን ሙሉ ተመለስ ተመለስ ይላቸዋል። አልተመለሱም። መስጊድ ሲደርሱ ሶፉ ውስጥ፣ በሰጋጆቹ መደዳ፣ ሰዎች ቦታ ለቀቁላቸው።

ከሶላት በኋላ ኢማሙ፣ «ኸልዋውን ፈጸሙ?» አሏቸው።

«ኸልዋ አልነበረም። ወስዋስ ነበር ያሰረኝ።»

ኢማሙ ጠጋ አሏቸው።

«እንግዲህ ዛሬ ንጹሕ ሆኑ ማለት ነዋ?»

«ኧረ እንዳጎደልኩ ነው የመጣሁት። ጌታዬ ጉድለት የሌለበት ቢፈልግማ፣ መላኢካ መች አነሰው?»

ወገኖቼ፣ ሸኹ ሦስቱን መታጠብ አልተዉም፤ የተዉት አራተኛውን ነው። ለጦይባ የሰጡትን እዝነት ለራሳቸው ለመስጠት ግን ስንት ሶላት በብቸኝነት አለፈ! ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቤቱ ያው ባዶ ነበር፤ ዘምዘም አልተመለሰችም። ሸኹ ማንቆርቆሪያውን ለመግሪብ ሶላት ሞልተው ከደጃፉ አስቀመጡት።