የቅሉ ባለቤትና ማዶዎቹ

አንድ መንበሩ የሚባል ብልህ ሰው ነበር። የሚኖርባትን ከተማ ትልቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ መሃል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ ከሁለቱም ዳርቻ የእንጨት ድልድይ ተዘርግቶላታል። የከተማው ሰው ከውሃው ባሻገር ያለውን ሁሉ «ማዶ» ይለዋል። የምሥራቁ ሰፈር ምዕራቡን ማዶ ይላል፣ የምዕራቡም ምሥራቁን ማዶ ይላል። በዚህ ቃል የተቀየመ ሰው አልነበረም። «ማዶ ደርሼ ልምጣ» ማለት ዘመድ ጠይቄ ልምጣ ማለት ነበር።

መንበሩ ስም ያተረፈው በቅል ነው። የደረቀ ቅል አፉን ይከፍትና ስስ ብራና ይወጥርበታል፤ ከብራናው መሃል በሰም የታሸ ክር አስሮ እስከ ሌላ ቅል ድረስ ይዘረጋዋል። በአንዱ ቅል የተናገሩት በሌላው ይሰማል። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት፣ ቀጥሎ ለመነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ቅል ያልተሰቀለበት ቤት ጠፋ። ክሮቹ ሁሉ የሚገናኙት ደሴቲቱ ላይ ከቤቱ አጠገብ በሠራው አዳራሽ ነው። እዚያ አቀባዮች ተቀምጠው ከአንዱ ቅል የሰሙትን በሌላው ያቀብላሉ።

የአቀባዮቹ አለቃ እትዬ አንጓች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሕጋቸው አጭር ነው። መልእክት ሲመጣ «ማን? የት?» ብለው ይጠይቃሉ። ስምና ቦታ የሌለው ነገር ከአዳራሹ አይወጣም። «ልጁ ወደቀ» ተብሎ የማን ልጅ እንደሆነ ካልተነገረ የከተማው እናት ሁሉ በከንቱ ታለቅሳለች ይሉ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎደለው? ምንም አልጎደለውም። ችግሩ ደሴቲቱ ላይ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከአዳራሹ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የደምሰው የውሃ ወፍጮ ይዞራል። ደምሰውም እንደ እሱ ባለሙያ ነው፤ ወንዙን በቦይ ጠልፎ የከተማውን ሴት ሁሉ ከወፍጮ ድንጋይ ያሳረፈ። ሴቶቹ ዱቄታቸውን ተሸክመው ሲወጡ «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። መንበሩን ማንም እጅህ ይባረክ ብሎት አያውቅም። ሰው ከእህቱ ጋር ሲያወራ ቅሉን ማን ሠራው ብሎ አያስብም። ያገራችን ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። መንበሩ ፈጣሪውን አላስቸገረም፣ ራሱ ምቀኛ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ የባሰበት በግብር ቀን ነው። የከተማዋ አለቃ በየሰባት ዓመቱ ይመረጣል፤ ሰው ሁሉ ለሚፈልገው ባቄላ፣ ለማይፈልገው አተር በእንስራ ውስጥ ይጥላል። የዘመኑ አለቃ ሰባተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ግብር አበላ። ደምሰውን በቀኙ አስቀመጠውና ሽንጥ አስቆረጠለት። መንበሩን አጋፋሪው በር ጥግ አስቀመጠው፤ ከጎድን ደረሰው፣ እሱም ከአጥንቱ ሥጋው ያነሰ። አለቃው ዋንጫውን አንሥቶ «ደምሰው ባይኖር ይህን ሁሉ ሰው በምን እናጠግበው ነበር?» አለ። ስለ ቅል ምንም አላለም። ክፋት አስቦ አልነበረም፣ ረስቶት ነው። መንበሩ ግን ቆሽቱ አረረ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የወፍጮው ድምፅ ራስ ምታት ሆነበት። የደምሰውን ዱቄት ቤቱ እንዳይገባ ከለከለ። ሚስቱን ውድነሽን «ከእንግዲህ በእጅሽ ትፈጫለሽ» አላት።

ውድነሽ ሰፌዱን አስቀመጠችና አየችው። «ወፍጮ ደጄ ላይ እያለ በእጄ የምፈጨው በምን ኃጢአቴ ነው? ቅናትህን ራስህ ፍጨው» አለችው። እህሏን ተሸክማ ወደ ደምሰው ወፍጮ ሄደች። መንበሩም ያንን እንጀራ ሳይወድ በላ።

በዚያው ሰሞን ጓንጉል የሚባል ሰው ለአለቅነት ተነሣ። እርሻ የለው፣ ሙያ የለው፤ ምላሱ ግን ጤፍ ይቆላል። አባቱ የምሥራቅ፣ እናቱ የምዕራብ ስለነበሩ ሁለቱም ሰፈር የእኛ ነው ይለዋል። አንድ ጠዋት ድልድዩን ተሻግሮ መንበሩ አዳራሽ መጣ።

«የከተማው ጆሮ በእጅህ ነው» አለው። «በግብሩ ቀን ግን በር ጥግ ተቀምጠህ አየሁህ። አንጀቴን በላኸው።»

የመንበሩ ፊት ጠቆረ። «ምን ፈልገህ ነው?»

«አንዲት ቃል በቅሎችህ እንድትነገርልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ለሁሉም ቤት።»

«እኔስ ምን አገኛለሁ?»

ጓንጉል ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «የተመረጥኩ ዕለት ከዚያ ሰውዬ በላይ አስቀምጥሃለሁ» አለው።

መንበሩ የትኛው ሰውዬ ብሎ አልጠየቀም። በልቡ የነበረው አንድ ሰውዬ ብቻ ነው። ለዚያች ቃል ሲል ዕድሜውን የፈጀበትን ክር ሁሉ ለጓንጉል ሰጠ።

የጓንጉል መልእክት ይህች ነበረች፦ «ወንዛችሁን የሚያደፈርሱት ማዶዎቹ ናቸው፤ ጓንጉል ልክ ያስገባላችኋል።»

እትዬ አንጓች ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ መንበሩ መጡ። «ልጄ፣ ይህ መልእክት ማን የለው፣ የት የለው። ማዶዎቹ የተባሉት የትኞቹ ናቸው?»

«እንደተባለው ያቀብሉት፣ እትዬ።»

«ለምሥራቆቹ ሳቀብለው ምዕራቦቹን ይጠላሉ። ለምዕራቦቹ ሳቀብለው ምሥራቆቹን ይጠላሉ። ሰውየው በአንድ አፍ ሁለቱንም ሊያባላ ነው። እኔ እኮ እነዚህን ሰዎች በየስማቸው አውቃቸዋለሁ። የማን ሚስት ምጥ እንደያዛት፣ የማን በሬ እንደጠፋ በእኔ ጆሮ ነው የሚያልፈው።»

መንበሩም ይህን አላጣውም። ቅል የሠራ ሰው የዚህች ቃል ተንኮል አይጠፋውም። ነገር ግን ያን ጊዜ ከወፍጮው ደጃፍ የሴቶች ሳቅና «እጅህ ይባረክ» የሚል ድምፅ በመስኮት ገባ። «ከዛሬ ጀምሮ ማን፣ የት የሚባል ጥያቄ ቀርቷል» አለ።

እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አጣፉ። «ሐሜት እንኳ ስም ይጠራል፣ ልጄ» ብለው ድልድዩን ተሻግረው ቤታቸው ገቡ። ሌሎቹ አቀባዮች አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቃሏ ጠዋት ጠዋት በየቤቱ ትነገር ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሰማና ተወው። በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ሲቀዳ ድፍርሱን ማየት ጀመረ። ወንዙ ክረምት ሲገባ ድሮም ይደፈርስ ነበር፤ አሁን ግን ጥፋተኛ ተገኘለት። በሦስተኛው ሳምንት ልብስ አጣቢዎቹ በየዳርቻቸው ሆነው የጎሪጥ ተያዩ። በአራተኛው፣ ሽማግሌ ተልኮ ቀን የተቆረጠለት ሠርግ ፈረሰ፤ ሙሽራይቱ ከማዶ ናት ተብሎ። ማዶ የሚለው ቃል ዘመድነቱን ጥሎ ስድብ ሆነ። መንበሩ ይህን ሁሉ ከአዳራሹ ይሰማል። እየሰማ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደምሰው ከእሱ በታች ተቀምጦ ምን ዓይነት ፊት ያሳይ ይሆን?

የምርጫው ቀን ደረሰ። የምሥራቁ እንስራ ባቄላ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የምዕራቡም እንዲሁ። ሁለቱም ሰፈር ጓንጉል ጠላታችንን ልክ ሊያስገባልን ነው ብሎ ነው የመረጠው፤ ሁለቱም በዚያው ምሽት እልል አለ።

መንበሩ ለድግሱ አዲስ ኩታ ደርቦ ሄደ። ከወንዙ ራስጌ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በአለቃው ግቢ፣ ጓንጉል ከፍ ባለው መደብ ተቀምጧል። በቀኙ የተቀመጠው ደምሰው ነው። በግራው ያለው ቦታ ባዶ ነበር።

መንበሩ ወደ መደቡ ተጠጋ። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ደምሰውን።

«ተጠርቼ ነዋ። ይህ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ሲያበላ የከረመው በእኔ ዱቄት ነው።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

ደምሰው አቀረቀረ። «ከዚያ ሰውዬ በላይ አስቀምጥሃለሁ አለኝ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አንተ ነሃ። ከተማው ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚሰማው ያንተን ቅል ነው። እኔን የሚያስታውሰኝ ዱቄት ሲያልቅበት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አንተን ሳይ ደሜ ሲፈላ ኖሯል።»

ጓንጉል ፈገግ ብሎ መንበሩን በእጁ ሳበው። «ግራ የልብ ወገን ነው፤ ና ተቀመጥ» አለው። መንበሩ ያን ጊዜ ተነሥቶ መሄድ ነበረበት። ለሁለት ሰፈር አንድ ቃል የሸጠ ሰው ለሁለት ሰውም አንድ ቃል እንደሸጠ ገብቶታል። ነገር ግን ሥጋው ቀረበ፣ ሽንጥ ነበር። ተቀምጦ በላ።

ወር ሳይሞላ የምሥራቅ ሽማግሌዎች ወደ አለቃው ግቢ መጡ። «ማዶዎቹን መቼ ነው ልክ የምታስገባልን?» አሉ። ነገራቸውን ሳይጨርሱ የምዕራብ ሽማግሌዎችም ደረሱ፤ እነሱም ያንኑ ጠየቁ። ሁለቱም ወገን እርስ በርስ ተያየና ወደ ጓንጉል ዞረ።

«የትኛውን ማዶ ነበር ያልከን?» አሉት።

ጓንጉል ፈራ። ምላሱ ግን አልፈራችም። ከመደቡ ወርዶ ወንዙን በጣቱ አሳየ። «ከምሥራቅ ቆማችሁ እዩ፣ ከምዕራብም ቆማችሁ እዩ። ለሁለታችሁም ማዶ የሆነው የቱ ነው? ያች ደሴት አይደለችም? ውሃችሁን ጠልፎ የሚያዞረው ወፍጮ እዚያ ነው። ያባላችሁ ቅል እዚያ ነው። እኔ ያልኩት እነሱን ነው» አለ።

በእርግጥም ደሴቲቱ ለሁለቱም ማዶ ነበረች። የሚያሳዝነው ነገር ይህኛው ንግግሩ ውሸት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ያባላቸው ቅሉ ነበር።

ሕዝቡ ከሁለቱም ዳርቻ ማጭድ ይዞ ወጣ። መንበሩ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ተወጥረው የኖሩት ክሮች አንድ በአንድ እየላሉ ውሃው ላይ ሲወድቁ አየ። ቀጥሎ ጎረምሶቹ ወደ ወፍጮው ሄዱ። የደምሰው መዘውር ሲሰበር ተሰማ፤ መንበሩንም ለአንድ አፍታ ደስ አለው። የራሱ ሥራ እየወደመ፣ የዚያኛው በመውደሙ ደስ አለው። ቅናት እንዲህ ያደርጋል።

ሰዎቹ ሲመለሱ ድልድዮቹን በየበኩላቸው አፍርሰው ሄዱ። በደሴቲቱ ላይ እዚያው የሚኖሩት ሁለቱ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ቀሩ። መንበሩ ወደ አዳራሹ ሮጦ ቅሉን ሁሉ እያነሣ ተጣራ። ምሥራቅ የሚኖር ወንድሙን ጠራ፣ ምዕራብ የሚኖሩ አማቱን ጠራ። የስንቱን ሰው ድምፅ ያደረሰው ቅል የእሱን ድምፅ የሚያደርስበት ክር አልነበረውም። ደክሞት ሲወጣ ደምሰው የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ከሁለታችን ማን በላይ ተቀመጠ?» አለ ደምሰው።

በወዲያኛውም በወዲህኛውም ዳርቻ የቆመው ሰው ወደ እነሱ እየጠቆመ «ማዶዎቹ፣ ማዶዎቹ» ይል ነበር። መንበሩ ይህን ያለ ቅል ሰማው።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ሰው ጆሮውን አምኖ የሰጠው ባለሙያ ከሌላው በላይ ለመቀመጥ ብሎ ያንን ጆሮ ለከፋፋይ ቢያውስ፣ መጨረሻው ይህ ነው። ከፋፋይ ሰው ሁልጊዜ ማዶ ያስፈልገዋል፤ ሌላው ሲያልቅበት ወንበር የሰጠውን፣ ዱቄት የሰጠውን፣ ቅል የሰጠውን ማዶ ያደርገዋል። ቅናት ደግሞ ዓይናችንን አንድ ሰው ላይ ተክሎ ከተማ ሲፈርስ እንዳናይ ያደርገናል። ጥፋቱ ግን የመንበሩ ብቻ አይደለም። ቃሏን በየጠዋቱ ሰምቶ «ማነው? የት ነው?» ሳይል ለጎረቤቱ የደገማት ሁሉ ድርሻ አለው። እስቲ ዛሬ በእጅህ ባለው ስልክ «እነሱ ናቸው» የሚል ወሬ ሲደርስህ፣ ለሌላ ከማስተላለፍህ በፊት አንድ ጊዜ ራስህን ጠይቅ፦ ይኸው ወሬ አሁን ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ቤት ሲሰማ፣ እነሱ የተባልከው አንተ ብትሆንስ?